ወላጅ አምጣ፣ ዋስ አምጣ

በጎንደር ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ኃላፊ በነበርሁባቸው ዓመታት፣ ጥቅምት ሊወጣ ሲል የማልወደው ነገር ግን ሳላቅማማ የምሠራው ሥራ ነበረኝ። የስም መጥሪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ መስከረም ላይ ጀምረው ለሳምንታት በቀሩት ልጆች ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርና ከጎኑ «አቋርጧል» ብዬ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ተደምሮ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሻገራል፤ በመጨረሻም ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ቁጥር ጋር ተዳምሮ «መጠነ ማቋረጥ» የሚባለው ዓመታዊ አኃዝ ይሆናል። ልጁ ከዚህ መስመር በኋላ የት እንደ ገባ የሚጠይቅ ቅጽ ግን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከእነዚያ ቀይ መስመሮች አንዱን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ያን ጊዜ ከሌሎቹ ተለይቶ አላሳዘነኝም፤ የማስታውሰው ስሙ የተሰረዘበትን ልጅ ከዓመታት በኋላ በማረሚያ ቤት ስላገኘሁት ነው። ስሙን አልጠራም፣ የመጣበትንም ቀበሌ አልናገርም። ታሪኩን የምጽፈው ራሱ ስለ ፈቀደልኝ፣ ደግሞም ስለ ወንጀል፣ ስለ ፍትሕና ስለ ትምህርት ያነበብሁትን ሁሉ እንደ አዲስ እንዳነብበው ስላስገደደኝ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት መርሐ ግብር ስማር የመረጥሁት ርእስ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ተነሥተው ፍርድ ቤት የሚደርሱበትን መንገድ የሚመለከት ነበር። የትብብር ደብዳቤ አጽፌ፣ ፈቃድ አግኝቼ፣ ስልኬን በር ላይ አስረክቤ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዤ ገባሁ። መጠይቄ በሥርዓት የተዘጋጀ ነበር፦ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች መተዳደሪያ፣ የደረሰበት የትምህርት ደረጃ፣ የተከሰሰበት ወንጀል። በሁለተኛው ቀን ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት፣ ዕድሜውን ስጠይቀው መልስ ሳይሰጥ ትክ ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለኝ። አላወቅሁትም። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጥ እንደ ነበር ሲነግረኝ ነው ፊቱ የመጣልኝ።

ወላጆቹ ገበሬዎች ናቸው። በአካባቢያቸው ያለው ትምህርት ቤት ከ6ኛ ክፍል በላይ ስለማያስተምር፣ እንደ ብዙ የገጠር ልጆች ጎንደር መጥቶ ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ይማር ነበር። እንጀራው፣ ድርቆሹና በሶው ከቤት ይላክለታል፤ ሁልጊዜ የሚጎድለው የኪራዩ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ከታላላቆቹ ጋር ወደ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ማረም ጀመረ። የሰሊጥን ሥራ በቅርብ ያላየ ሰው ይህ ከትምህርት ጋር ለምን እንደሚጋጭ ላይገባው ይችላል። አረሙ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚውል ከትምህርት ጋር አይነካካም። ደህና ገንዘብ የሚገኘው ግን በአጨዳው ነው፤ አጨዳውም መስከረም ውስጥ ጀምሮ ጥቅምትን ይዞ ይሄዳል። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ሠራተኛ እጅግ ይፈለጋል፣ የቀን ሒሳቡም ከፍ ይላል። ልጁ ነሐሴ መጨረሻ ተመልሶ ተመዘገበ፣ መስከረም ላይ ጥቂት ቀን ተማረ፣ ከዚያም የዓመቱን ኪራይ ሊያገኝ ለአጨዳው ተመልሶ ወረደ። እዚያ ወባ ያዘው። ጎንደር የገባው ኅዳር ላይ ነው። የአንድ ክልል የእርሻ ወቅትና የትምህርት ካሌንደር እርስ በርሳቸው እንዲህ ሲጣሉ፣ በመካከላቸው የወደቀውን ልጅ «አቋርጧል» ማለት ትክክለኛ ቃል መሆኑን ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የገጠመው መልስ አጭር ነበር፦ «ስምህ ተሰርዟል፤ ወላጅ አምጣ።» ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ያረፈደ፣ የተጣላ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ፣ የቀረ፣ ሁሉም ወላጅ እንዲያመጣ ይታዘዛል። ወላጁ በዚያው በጎንደር፣ ማራኪ ወይም ፒያሳ አካባቢ ለሚኖር ልጅ ትእዛዙ ቢከብደውም የሚፈጸም ነው፤ እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፣ ትቆጣዋለች፣ ትለምንለታለች፣ ልጁም ይገባል። አባቱ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ በዚያው ሳምንት ጤፉን እያጨደ ላለ ልጅ ግን ያው ቃል የተዘጋ በር ነው። ደንቡ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መሆኑን እንደ ፍትሐዊነት እንቆጥረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙዎቻችን በየቀኑ አልፈነው የምንሄደው ኑሮ ነው። አራዳ ገበያ ዕቃ ተሸከመ፤ መናኸሪያ አካባቢ ጫኝና አውራጅ ሆነ፤ ለጥቂት ወራት ከፒያሳ አዘዞ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ፤ ሥራው ሲቋረጥበት በረንዳ አደረ። በዓመቱ ገደማ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር የአንዲት ሴት ስልክ ሰርቆ ተያዘ። አልካደም፤ ለእኔም ሲነግረኝ ሊያስተባብል አልሞከረም። ስለዚህች ሴት ደጋግሜ አስባለሁ። ማን እንደ ሆነች አላውቅም፤ ነገር ግን ገበያ ውስጥ በስልኳ ደንበኛ የምታገናኝ፣ የወራት ቁጠባዋ የጠፋባት ልትሆን ትችላለች። ስለ ድሃ ልጆች ወንጀል ስንጽፍ፣ የሚሰረቁትም አብዛኛውን ጊዜ ድሆች መሆናቸውን መርሳት ሌላ በደል ነው።

ፖሊስ ጣቢያ የጠበቀው ቃል ደግሞ «ዋስ አምጣ» የሚል ነበር። በሁለቱ በሮች የተነገሩት ሁለት ቃላት ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ያስተዋልሁት ከማረሚያ ቤት ስመለስ ነው። የደመወዝ ማስረጃ ያለው፣ ንብረት ያስመዘገበ ወይም ገንዘብ የሚያሲዝ ሰው ያለው ተጠርጣሪ ጉዳዩን ከቤቱ እየተመላለሰ ይከታተላል፤ ይህ የሌለው ያንኑ ጊዜ ታስሮ ይጨርሳል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ፖሊስ ምርመራውን አልጨረስሁም ሲል ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን የሚደርስ ቀጠሮ ሊፈቅድ ይችላል፤ ቀጠሮውም ሊደገም ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አደገኛ ቦዘኔነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 384 ደግሞ በዚያ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ጭራሹን በዋስ እንዳይለቀቅ ይከለክላል። እንዲህ ስናየው ድህነት ወደ እስር የሚያደርሰው ሰውን ስላሰረቀ ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ጥፋት ከሠሩ ሁለት ልጆች መካከል ቤቱ የሚያድረውንና እዚያው የሚቀረውንም ይለያል።

ዋስ በአገራችን የፍርድ ልማድ ከጽሑፍ ሕግ የቀደመ ነው። በድሮው ሙግት ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ጉዳያቸው እስኪታይ ሁለቱ እጅ ለእጅ በሰንሰለት የሚተሳሰሩበት ሥርዓትም ነበረ፤ ስሙም ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል» ስንል ያ ሰንሰለት በቋንቋችን ውስጥ ተርፎ ነው የምንሰማው። ከዚህ ልማድ ሥር ያለው ሐሳብ፣ ሰው ብቻውን ፍርድ ፊት አይቆምም፣ ከጎኑ የሚቆም ሌላ ሰው ያስፈልገዋል የሚል ይመስለኛል። ሁሉም ዘመድ አዝማድ ባለበት መንደር ይህ ከባድ ግዴታ አልነበረም። ከወገኑ ተለይቶ ከተማ የገባ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ግን ይከብዳል።

ይህን ስል ሕጉ ልጁን ረስቶታል ማለቴ አይደለም። በተቃራኒው፣ ያነበብሁት ሕግ ካየሁት አሠራር እጅግ የተሻለ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከወንጀል ተጠያቂነት ነጻ ያደርገዋል፤ 9 ዓመት ሞልቶት 15 ያልሞላውን ደግሞ ለዐዋቂዎች የተደነገገው ቅጣት እንዳይነካው፣ ከዐዋቂዎችም ጋር እንዳይታሰር ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከዐዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ካዘዘ በኋላ፣ ጉዳዩ በቀጠሮ ከተላለፈ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ እንዲሰጥ፣ እነዚህ ከሌሉ ለሌላ እምነት ለሚጣልበት ሰው እንዲሰጥ ይደነግጋል። ይህን ሐረግ ስደርስበት ማንበቤን አቋርጬ ወጣሁ። እምነት የሚጣልበት ሰው! ደመወዝ የሚበላ፣ አድራሻው የታወቀ፣ ልጁን ያስተማረ ሰው በዚያው ከተማ፣ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነበረ። ልጁ የእኔን ስም መጥራት እንደሚችል የነገረው አልነበረም፤ ለእኔም የደወለልኝ አልነበረም።

ከዚህም የሚልቀው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 54 ነው። ዳኛው ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርት፣ ኑሮና ሁኔታ መረጃ እንዲቀርብለት ማዘዝ፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች ጠርቶ መስማት እንደሚችል ይናገራል። ብዙ ተማሪዎቻችን በተለያየ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። እኔ በማስተማር ባሳለፍሁት ዘመን ሁሉ አንድም ችሎት ስለ አንድም ልጅ ጠይቆኝ አያውቅም፤ የሥራ ባልደረቦቼንም ጠይቄአለሁ፣ መልሳቸው ያው ነው። ዳኞቹን ብቻ መውቀስ አልሻም። መዝገብ ተቆልሎባቸው፣ ማኅበራዊ ጥናት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሳይኖራቸው፣ ልጁም ስለ ራሱ አንድ ቃል መናገር ፈርቶ ሲቆም ምን ያደርጋሉ? ነገር ግን እኛም ከስም መጥሪያ የጠፋ ልጅ ችሎት ፊት ቆሞ እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚያ አልሄድንም።

የልጁን ጉዳይ ከሁሉ ያበላሸው ግን የዕድሜ ነገር ነው። በኢትዮጵያ አስገዳጅ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ከዚያ በፊት ገጠር ለተወለደ ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት አይገኝም። ስለዚህ ዕድሜ በግምት ይጻፋል፣ ክርክር ካለም ሐኪም ይጠየቃል። የእኛ ልጅ ከመተማ ፀሐይና ከሸክም ሥራ በኋላ ከዕድሜው በላይ የጠነከረ ይመስል ነበር። ጣቢያ ሲጠየቅ «16 ይሆነኛል መሰለኝ» አለ፤ 16 ተብሎ ተጻፈ። 15 የሞላው በመደበኛው የወንጀል ሕግ ስለሚዳኝ፣ ያቺ በግምት የተነገረች ቁጥር ከአንደኛው ሕግ አውጥታ ወደ ሌላው አስገባችው። ከዐዋቂዎች ጋር ታሰረ። በእርሱ አነጋገር፣ ስልክ መስረቅን እንጂ ቤት መስበርን የማያውቅ ልጅ ገብቶ፣ ቤት መስበርን ከሚያውቁ ጋር ተዋውቆ ወጣ። ሁለተኛው ክሱ ሱቅ መስበር ነበር፤ እኔ ያገኘሁትም በዚያ ተፈርዶበት ነው።

ይህን ታሪክ ስነግራቸው አንዳንድ ሰዎች ወዲያው የሚጠቅሱልኝ ተረት አለ። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል፣ እናቱም ዝም ብላ ትቀበለዋለች፤ አድጎ በሬ ሲሰርቅ ተይዞ ሊሰቀል ሲል «እናቴ፣ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ይላል። ተረቱን የሚጠቅሱት፣ ፖሊስም ፍርድ ቤትም ገና ከመነሻው ጠበቅ ማለት እንዳለባቸው ለማስረዳት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ተረድቼው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ የተካሄደ ጥናት ነው። ሌስሊ ማካራና ሱዛን ማክቪ የተባሉ ተመራማሪዎች የሚመሩት ይህ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጀመሩ 4,300 ያህል ልጆችን ይዞ ለብዙ ዓመታት ተከትሏቸዋል። ልጆቹን ራሳቸውን ጠይቋል፣ የትምህርት ቤትና የፖሊስ መዛግብታቸውን መርምሯል፣ የሚኖሩበትን ሰፈር ኑሮ አገናዝቧል።

ያገኙት ነገር ከጎንደር ሆኖ ለሚያነብብ ሰው እንግዳ አይደለም። አንዳንድ ጥፋት መሥራት በልጅነት የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹም ማንም ሳይነካቸው አድገው ይተዉታል። ፖሊስ ደጋግሞ የሚይዘው ግን ከድሃ ቤት የመጣውን፣ ጎዳና ላይ የሚውለውንና አንድ ጊዜ ስሙ የተመዘገበውን ልጅ ነው። ከዚህም በላይ፣ በጥፋታቸው ክብደት የሚመሳሰሉ ልጆችን አወዳድረው ሲያዩ፣ ወደ ፍትሕ ሥርዓቱ በጥልቀት የገቡት ካልገቡት ይልቅ በጥፋት የመቀጠል ዝንባሌ አሳይተዋል። እስከ 12 ዓመታቸው ከትምህርት ቤት የተባረሩት ደግሞ 24 ዓመት እስኪሞላቸው የመታሰር ዕድላቸው ከሌሎቹ አራት እጥፍ ነበር። እርግጥ የኤድንብራ መባረርና የእኛ ቀይ መስመር አንድ አይደሉም፤ እዚያ የሚባረረው በጠባዩ ነው፣ እዚህ የሚሰረዘው በሰሊጥ አጨዳ ነው። ቢሆንም በዚያ ዕድሜ ከትምህርት ቤት መለየት በልጁ ላይ የሚያደርሰው ከቦታ ቦታ ብዙ የሚለያይ አይመስለኝም። ስኮትላንድ የወንጀል ተጠያቂነት የሚጀምርበትን ዕድሜ ከ8 ወደ 12 ያሳደገችው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ተረቱ ተመልሼ ሳስብ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ መቅጣት የሚለው ቃል በእናትና በልጅ መካከል ሲነገር ያለው ትርጉም ነው። «ያልተቀጣ ልጅ» ስንል ያልተገረፈ ማለታችን አይደለም፤ ሥርዓት የሚያስተምረው ያላገኘ ማለታችን ነው። በእንቁላሉ መቅጣት ማለት እንቁላሉን ከየት አመጣኸው፣ ለምን አመጣኸው ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም እጁን ይዞ ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ በተረቱ ውስጥ ያለው ልጅ እንቁላሉን ይዞ የሚገባበት ቤት፣ የሚያየውም ሰው አለው። በረንዳ የሚያድረው ልጅ የሰረቀውን ለማን ያሳያል? እናቱ በሌለችበት ቦታ የእናቱን ድርሻ ለጣቢያና ለእስር ቤት ከሰጠን፣ ተረቱን አልተከተልንም።

ባለፉት ዓመታት ይህ ጥያቄ ከአንድ ልጅ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ገጠሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ወደ ከተማ ይገባል፤ ጎንደር ውስጥ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞሩትን፣ ጫማ የሚጠርጉትን ልጆች አስቁሜ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሱ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሱልኝ ክፍሉን ሳይሆን ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ዓመት ነው። እነዚህ ልጆች ነገ በሁለቱ በሮች ፊት መቆማቸው አይቀርም። የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም፤ ሕጉም አዲስ መጻፍ የለበትም። ከትምህርት የቀረን ልጅ ከመሰረዙ በፊት የሚፈልግ አንድ ተመዳቢ መምህር፣ ጥፋት የሠራ ልጅ ሲያዝ ለትምህርት ቤቱ የሚደወል አንድ ስልክ፣ እምነት የሚጣልባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በየወረዳ ፍርድ ቤቱ፣ በሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ልጆቹን ከመጀመሪያው ቀን እንዲያገኟቸው ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው።

ልጁ በማረሚያ ቤቱ ትምህርት ጀምሯል። በአሜሪካ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ፣ በእስር ላይ ሆነው የተማሩ ሰዎች ወደ እስር የመመለስ ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለመማር የሚነሣ እስረኛ ቀድሞውንም ለመለወጥ የቆረጠ ሊሆን ስለሚችል አኃዙን በጥንቃቄ እይዘዋለሁ። ያም ሆኖ ይህ ወጣት በሁለተኛው ቀጠሯችን ደብተሩን ይዞ መጥቶ የሒሳብ ጥያቄ ሲያሳየኝ፣ መጠይቄን አጥፌ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀመር ስንሠራ ቆየን።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ስዘጋጅ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቴ ሄድሁ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ አቧራ ከጠጡ ፋይሎች ሥር፣ የዚያን ዓመት የስም መጥሪያ አገኘሁት። ስሙ አለ፤ ከጎኑ «ዕድሜ 13» ይላል፤ በላዩ ላይ ቀዩ መስመር አለ። ስልኩን የሰረቀው በዓመቱ ነው። የትምህርት ቤት መዝገብም በወላጅ ቃል የሚሞላ ስለሆነ ፍጹም ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ጠያቂ ቢያገኝ ኖሮ ቢያንስ ዳኛውን ያጠራጥር ነበር። በወረቀት ገልብጬ ወሰድሁለት። ቁጥሩን አየው፣ በጣቶቹ ቆጠረ፣ «እንግዲያው ያኔ 14 ነበርኩ ማለት ነው» አለ። ከዚያ ስለ ቀዩ መስመር ነገርሁት፤ ያሰመርሁት እኔ መሆኔንም ነገርሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ኅዳር ላይ ዘበኛው ወላጅ አምጣ ሲለኝ፣ በአጥሩ ዞሬ በመስኮቱ አይቼዎት ነበር። ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነበር። ይዞራሉ ብዬ ጥቂት ጠበቅኩ።»